ከሰላምታ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ብርድ ልብስ ሸለሙኝ። ባሕር ዳር ላይ፣ በግንቦት ሙቀት፣ ብርድ ልብስ! ያውም ባለአበባ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይችለው። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ተነሥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወባ አንድ በአንድ እየጠራ አመሰገነኝ። «ሲስተር ዘይነባ የቤታችን ምሰሶ ነበረች» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። ምሰሶ ያለው ውፍረቴን አይቶ ይሆናል፣ ግድ የለም። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ከሁሉ ይበልጥ የለፋሁበትን፣ የተሳቀብኝን፣ ያለቀስሁበትን ነገር ማንም ትንፍሽ አላለም። ያ ነገር አንድ ወረቀት ላይ ያሉ ዘጠኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰው አካሉ ሳይሆን ውስጡ ሲታመም ለማወቅ የሚጠየቁ። ኃላፊው ካላነሣው እኔ ላንሣው ብዬ ነው ብዕር የጨበጥሁት።

የወረታ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨውና አቡጀዲ ይነግድ ነበር፤ እኔም ያደግሁት ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ነው ማለት ይቻላል። ነርስ እሆናለሁ ስል እናቴ «ዶሮ ሲታረድ የምትሸሺው ልጅ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ትምህርት በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት ደም አይቼ ወድቄያለሁ፤ ያነሡኝ ታማሚው ናቸው።

መጀመሪያ የተመደብሁት ይፋግ ነው። ሩዙ ማሳ ላይ ውሃ ሲተኛ ወባ ይመጣል፣ ወባው ጋብ ሲል ሳል ይከተላል፤ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ደመወዙን አታንሡብኝ። ግን ይፋግ ላይ ጋሼ መኩሪያን አገኘሁ፤ ያን ደግሞ ደመወዝ አይገዛውም።

ጋሼ መኩሪያ ጤና ረዳት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይስቅ ሰው። ኪሳቸው ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ታማሚ ሲገባ መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰላምታ ስል እንደ ዛሬው «ሰላም ነው?» ብሎ ማለፍ አይደለም፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤቱ ሙግት ሳይቀር ይጠየቃል። ያ ሲያልቅ ጋሼ ብድግ ይላሉ። መስኮቱን ይከፍታሉ፤ ክፍት ከሆነም ሄደው ይዘጉታል። ተመልሰው ይቀመጡና ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው በሰውየው መዳፍ ላይ ያፈሱለታል። ይኸኔ ነው «እሺ፣ እስቲ አሁን ንገረኝ» የሚሉት።

እኔ ደግሞ ገና ልጅ ነኝ፣ ወረፋው ያሳስበኛል። አንድ ቀን አልቻልሁም።

«ጋሼ፣ ይኸ መስኮት ምን በደለዎት? ሲከፍቱት ሲዘጉት ነው የሚውሉት!»

«አንቺ» አሉኝ፣ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ። «ሰው ሲገባ እንዴት ነህ ስትይው ምን ይልሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እናንተ ቤትስ?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ውሎ መጥቶም?»

«እየተንቀጠቀጠም ቢሆን።»

«አየሽ! እሱ ለፈጣሪ የሚሰጥ ምስጋና እንጂ ላንቺ የተሰጠ መልስ አይደለም። ሰላምታ ላይ ማማረር ነውር ነው። ስለዚህ ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቂ፣ ማለቁንም አሳይው። እኔ ስነሣና ስቀመጥ ሰውየው ሌላ ወሬ እንደተጀመረ ይገባዋል።»

«ቆሎውስ?»

«ቆሎውማ ስለሚርበኝ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ውሸታቸውን ነበር። ቀስ ብዬ ሳየው የሚያዩት የሰውየውን እጅ ነው። ሆዱ ወይም ጉልበቱ ብቻ የታመመ ሰው እያወራ ቆሎውን ይቆረጥማል። ውስጡ የታመመ ሰው ግን እንደጨበጠው ይረሳዋል፤ ሲወጣ መዳፉን ሲከፍት ቆሎው በላብ ርሷል። እንዲህ ያለውን ሰው ጋሼ እስከ ግቢው በር ድረስ ይሸኙታል። ሊሰነባበቱ ሲሉ ሰውየው ቆም ይልና ያላወራውን ያወራል። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ብቻ ዘዴው አይሠራም፤ ሁሉም ቆሎውን ኪሱ ይከታል። «በጾም እኔም ሙያ የለኝም» ይሉ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ የሽማግሌ ዓመል አድርጌ ቆጠርሁት። ከይፋግ ስዛወርም ቆሎውንም መስኮቱንም እዚያው ትቼ ሄድሁ። ደቅ ደሴት ገባሁ፤ የክትባት ሳጥን ታቅፌ በጀልባ ላይ ስንቴ እንዳስታወክሁ የጣና ዓሣ ይመስክር። ከዚያ መራዊ፣ የቆጋ መስኖ ውሃ ለቆ ገበሬው በበጋ ድንች በሚያወጣበት ጊዜ፣ ጎንበስ ብሎ የዋለ ወገብ ሳሽ ከረምሁ። በመጨረሻ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለ ጤና ጣቢያ ተመደብሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

ዘጠኙ ጥያቄዎች የመጡት እዚህ እያለሁ ነው። ከየጤና ጣቢያው ተሰብስበን ሥልጠና ገባን። ያሠለጠነችን ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ አዳማ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ተከትላው የመጣች፣ ሆስፒታል የምትሠራ የአእምሮ ሐኪም። «ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ነፋኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ እያሉ ወደ እናንተ ከሚመጡት አዋቂዎች ብዙዎቹ ድባቴ ያለባቸው ናቸው። እናንተ ካልጠየቃችኋቸው የሚጠይቃቸው የለም» አለችን።

እጄን አወጣሁ። «ዶክተር፣ ድባቴ ምንድን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ የሳቁት ግን እነሱም አለማወቃቸውን እኔ ስላወጣሁላቸው ነው። ዶክተር ሕይወት አልሳቀችም። ሰው ደስታው ሲነጥፍ፣ የሚወደው ሥራ ሲያስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ ሲበላሽ፣ መኖሩ ሸክም ሲሆንበት፣ ይህም ቀን ከቀን ሳይለቀው ሲቀር በሽታ ነው፤ ስንፍናም ርግማንም አይደለም፤ ሕክምናም አለው ብላ አስረዳችን። እኔ በዐይነ ሕሊናዬ የነዚያ ካርዳቸው የወፈረ ሰዎች ፊት መጣብኝ። ራሴን ያቃጥለኛል ይላሉ፣ መርምረን ምንም አናገኝም፣ ክኒን ሰጥተን እንሸኛለን፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ሥራውን ወደድሁት፤ በእኔ ይሁን ብዬ ተቀበልሁ።

ኃላፊያችን ግን ወረፋው እንዳይረዝም ፈራ። «ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ጠረጴዛ አውጪና ሰው ሲገባ ጠይቂው፣ ቶሎ ቶሎ!» አለኝ። እኔም ጠረጴዛዬን አወጣሁ። አንዱን ሰው ስጠይቅ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል። እንደምን አደሩ ብዬ ሳልጨርስ ወረቀቱን አነባለሁ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የመከፋት፣ የመደበር ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት...»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

ዜሮ፤ የለበትም ማለት ነው።

ያን ሰሞን ያየሁትን ጉድ ለብቻው ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ ቄስ መጡ። «ከሰው የማንስ፣ የማልረባ ነኝ የሚል ስሜት አለዎት?» ብዬ አነበብሁላቸው። «እንዴታ!» አሉኝ፣ ቀና ብለው። «ከሰው ሁሉ ያነስሁ ኃጢአተኛ ነኝ!» ስንት ቀን እንደሚሰማቸው ስጠይቃቸው «ምነው ልጄ፣ በየቀኑ ነው እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። በዚያ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኙ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሰውየው ግን ሰላማቸው የተትረፈረፈ፣ የመጡትም ለጥርሳቸው ነበር። ሌላ ቀን ባልና ሚስት መጡ። ባልዮውን «ሥራ ለመሥራት ፍላጎት ያጣሉ?» ስለው ሚስቱ ቀድማ «እሱ? ከተጋባን ጀምሮ!» አለች። አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ባልዮውም ሳቀ። በጾም ደግሞ የምግብ ፍላጎት መጠየቅ በራስ ላይ ሙግት መጥራት ነው።

ሪፖርታችን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሆነ። ኃላፊያችን ደስ አለው። «ጣና ዳር ሰው አይከፋውም ማለት ነው፣ አየሩ ነው!» አለ።

አሁን የአለምነውን ነገር ላምጣ። አለምነው ከጤና ጣቢያችን ቁልቁል ሐይቁ ዳር ካለው መንደር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የጠነከረ። ደንገል ቆርጦ ታንኳውን ራሱ ያስራል፤ ሲቀዝፍ ያዜማል፤ ቆሮሶ ዓሣውን ሊሸጥ ሲመጣ ሴቶቹን ሁሉ አስቆ ነው የሚሄድ። ከጊዜ በኋላ ግን ራሴን ያቃጥለኛል እያለ መመላለስ ጀመረ። ሁልጊዜ ይበልጣል የሚባል ታናሽ ወንድሙ አብሮት ይመጣል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጠየቅሁት።

«ተመስገን» አለኝ።

«እንቅልፍስ?»

«ደህና ይተኛል፣ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ» አለ ይበልጣል።

ዘጠነኛዋ ጥያቄ ከባድ ናት፤ ሰውየው ሞትን ይመኝ እንደሆነ የምትጠይቅ። ሰው ሁሉ እየሰማ እሷን ማንበብ አፈርሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቶሎ ቶሎ አነበብኋት።

«ኧረ ሲስተር፣ አያሟርቱብን!» አለ ይበልጣል እየሳቀ። አለምነውም ሳቀ። ዜሮ ጻፍሁ፤ የራስ ምታት ክኒን ተሰጠውና ሄደ።

በዚያው ሳምንት አለምነው ሲመሻሽ ታንኳውን ይዞ ወጣ፤ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። የደንገል ታንኳ ብዙ ውሃ ላይ ከቆየ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። መንደሩ በሙሉ ፍለጋ ወጣ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንጨት ጭነው የሚሻገሩ ሰዎች ከወዲያ ማዶ ደንገሉ መካከል አገኙት፤ ታንኳው ግማሹ ሰጥሞ፣ እሱ ላዩ ላይ ተጋድሞ። በባጃጅ አምጥተው እኛው ጋ አስገቡት። በብርድ ደርቋል እንጂ በሕይወት አለ። ይበልጣል መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ልብሱን ለውጠን፣ ግሉኮስ ሰክተን፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር ጠየቅሁት።

«ማዕበል ነው?»

«አይ። ሐይቁ ተኝቶ ነበር። መቅዘፉን ተውሁት።»

«ለምን አለምነው?»

«እንጃ ሲስተር። ብመለስም ብቀርም አንድ ሆነብኝ። ከራርሟል እንዲህ ከሆንሁ።»

«እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር!» አልሁት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ።

ዐይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ። ቅሬታ እንኳ የለበትም። «መች ጠየቁኝ?» አለ። «ሰላም አሉኝ እንጂ።»

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስሁ። ለቅሶዬ ሲያልቅ ንዴት መጣብኝ። ኮሪደሩ፣ ጠረጴዛው፣ ዜሮው፣ «አየሩ ነው» የተባለው፣ ሁሉም አንገበገበኝ።

አለምነው ሆስፒታል ተላከ፤ ዶክተር ሕይወት ተቀበለችው። ክኒን ጀመረችለት፣ እያስቀመጠች አነጋገረችው። ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ እኔንና ይበልጣልን ጠርታ እንዲህ አለችን፦ «ይድናል። ክኒኑ ቶሎ አይሰማም፣ ታግሶ ይዋጠው፣ ሻል ሲለውም በራሱ እንዳያቆም። ነገር ግን ይህ በሽታ በብዙ ሰው ላይ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ዋናው ጉዳይ ውሃ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለሰው ይናገራል ወይ ነው። ከተናገረ እናተርፈዋለን።»

ይበልጣል ፊቱ ጠቆረ። «ዶክተር፣ ወንድሜ ለእኔ እንኳ ተናግሮ አያውቅም» አለ። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ይዤ ነው የኖርሁት። አለምነው ይናገር ይሆን?

በእሑዱ ጋሼ መኩሪያ ዘንድ ሄድሁ። ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ልጃቸው ቤት ነበር የሚኖሩት፤ አሁንም ቀጭን፣ አሁንም ቆሎ። ነገሩን ከሥሩ አጫወትኋቸው።

«ኮሪደር ላይ?» አሉ። «ሰው እየሰማ? ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ?»

«ወረቀቱን እኮ ነው ያነበብሁለት ጋሼ።»

«ወረቀቱ ምን አጠፋ? ጥሩ ወረቀት ነው። አንቺ ሰላምታ አደረግሽው እንጂ። እስቲ ያቺን ሐኪም አሳዪኝ።»

ሁለቱን ማገናኘቴ በሥራ ዘመኔ ካደረግሁት ሁሉ ትልቁ ነው። የዶክተር ሕይወት ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ቁጭ አልን። ጋሼ ገና ሲገቡ ቆሎ አፈሱላት፤ እሷም እያወራች በላችው፤ «ጤነኛ ነሽ» አሏት። ከዚያ ክርክር ሆነ። ጋሼ የሰዉን አነጋገር ይላሉ፣ ዶክተር ሕይወት ደግሞ «ጋሼ፣ ቃሉ ይለወጥ፣ ሐሳቡ ግን ከተለወጠ ነጥቡ ዋጋ የለውም» እያለች ትይዛቸዋለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዷን ጥያቄ ለማቃናት ሁለት ጊዜ ሻይ አዘዝን።

ሁለት ሳምንት ስንል ገበሬው ይደናገራል፤ «ካለፈው ገበያ በፊት ከነበረው ገበያ ወዲህ» ስንለው ግን ያውቀዋል። ፍላጎት ማጣት የሚለው ደረቅ ነው፤ «ድሮ ይወዱት የነበረ፣ አሁን እጅዎ እንቢ ያለው ሥራ አለ?» ሆነ። ለአጥማጁ መረቡን፣ ለባለ ማሳው ጓሮውን፣ ለእናቶች ፈትሉንና ሰው ቤት መሄዱን እየጠቀስን። የቄሱን ነገር ሳወራላቸው ዶክተር ሕይወት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና «እሱ ትሕትና ነው፣ በሽታው ሌላ ነው፤ ለቤተሰቤ ሸክም ሆኛለሁ፣ ያለ እኔ ይሻላቸዋል ይላሉ ወይ? ብለው ይጠይቁ» አለችኝ።

ዘጠነኛዋ ላይ እኔ ፈራሁ። «ጠይቄ ሐሳቡን ባስገባበትስ?»

«አይገባበትም ሲስተር። ቀድሞ ያለበት ሰው ቢጠየቅ ይቀለዋል። ሳይፈሩ፣ በግልጽ፣ ዐይኑን እያዩ።»

«እዚህ አገር ግን» አሉ ጋሼ፣ «ሴቲቱ ወተት ሲገነፍልባት ምነው በሞትሁ ትላለች። እሷን ሁሉ ሆስፒታል ልትልኩ ነው?»

ለዚህ መልሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ልኩራበት። «ተናደው የሚሉት ነው ወይስ ብቻዎን ሲሆኑ የሚያስቡት?» ብለን እናክልበት አልሁ። ዶክተር ሕይወት ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ጻፈችው።

አሁን ክፍል አስፈለገ። ኃላፊያችን «የለም» አለ። ስዞር አጎበር የታጨቀበት መጋዘን አገኘሁ፤ እስሩን በጀርባዬ ተሸክሜ ወደ ሌላ ቦታ ማጋዝ ስጀምር ሰውየው አፍሮ አብሮኝ ተሸከመ። ሁለት ወንበር ገባ። መስኮቱ ተጣብቆ ስለነበር አናጢ ጠርቼ አስከፈትሁት፤ «ለምን ይከፈታል፣ አቧራ ነው የሚገባው» ሲለኝ «ልዘጋው ነው» አልሁት፤ እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም። አስታማሚውን ደግሞ «መድኃኒት ቤት ወረፋ ያዝልን» ብዬ አወጣዋለሁ። ወረፋ ያዝ የተባለ ሰው በክብር ይሄዳል።

ከዚያ በኋላማ ሰው ተናገረ። እንዴት ያለ መናገር! ሚስቱ ያሳቀችበት ባል ተመልሶ መጣ። እሷን ወረፋ ልኬ፣ ሰላምታችን አልቆ፣ መስኮቱን ዘግቼ ስቀመጥ፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እርሻው ዳር ደርሶ እንደሚመለስ፣ እጁ እርፍ መጨበጥ እንዳቃተው ነገረኝ። «ሰነፍ እየተባልሁ ነው ሲስተር፤ እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ ተቀብዬ ነበር።» ሚስቱን ጠርቼ በሱ ፈቃድ ነገሩን ሳስረዳት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ሕክምናውን ጀመረ፤ እሷው ነበረች ክኒኑን የምታስታውሰው። የቄሱም ነገር ጥሩ ሆነ። ጠበልና ክኒን አይጣሉም ብለው በየሰንበቱ ሲያስተምሩልኝ «አንቺ ሙስሊሟ፣ ስብከቴን አስረዘምሽብኝ» ይሉኝ ነበር። ሪፖርታችን ዜሮ መሆኑ ቀረ፤ ኃላፊያችን መጀመሪያ ደነገጠ፣ በኋላ ግን ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሊያዩን ሲመጡ ክፍሉን የሚያስጎበኘው እሱ ሆነ።

አለምነውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። መጀመሪያ ክኒኑን ሊተው ሲል ይበልጣል ተጣላው። ከዚያ እንቅልፉ መጣ፣ ከዚያ ምግቡ፤ አንድ ቀን መረብ ሲጠግን አገኘሁት፣ ሌላ ቀን ቆሮሶ አንጠልጥሎ መጥቶ «ለጉቦ ነው» አለኝ። በቀጠሮው ሁሉ እየመጣ፣ በመጨረሻ ዶክተር ሕይወት ሕክምናውን በቀስታ አስቆመችው። መንደሩ ዳነ አለ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ቀጠሮ ላይ እኔ ስጠይቀው መናገሩን አይቻለሁ፤ ጠያቂ በሌለበት ቀንስ? ሐይቁ ጸጥ ያለ ምሽት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። አንዳንዴ ከሥራ ስወጣ ቤቴን ትቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ታንኳው መታሰሩን አይቼ እመለሳለሁ። «ሲስተር ዓሣ አማራት» እያሉ ያሙኝ ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ነው፣ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን። ወረፋው ከበር ወጥቷል። እኔ አግዳሚው አጠገብ ቆሜ የአንዲት አዛውንት ደም ግፊት እለካለሁ። አለምነው በበሩ ገባ። ቀጠሮ የለውም። ይበልጣል አብሮት የለም። ጢሙ አድጓል፣ ልብሱ ተጎሳቁሏል፣ እጁ ባዶ ነው።

አዛውንቷ የመንደሩ ሰው ናቸው፣ ያውቁታል። «አለምነው! እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነህ?» አሉት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አለምነው ቆመ። መሬት መሬት አየና ቀና አለ።

«ደህና አይደለሁም እማማ» አለ።

እንዲህ ያለ መልስ ለሰላምታ ሲሰጥ ማንም ሰምቶ አያውቅም።

«ታንኳውን ለይበልጣል አስረክቤው መጣሁ» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ያ በሽታ ተመልሶብኛል ሲስተር። ውሃ ላይ ሳልወጣ ልንገርዎ ብዬ ነው የመጣሁ።»

የግፊት መለኪያውን እንደያዝሁ ሳቅ መጣብኝ። ሳቅ ነው ለቅሶ ነው አላውቅም፣ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል፣ ጥርሴ ግን አልከደን አለ። እልል ብል ደስ ባለኝ።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ አዛውንቷ፣ ክንዳቸውን ከእጄ ላይ መንጭቀው። «ሰው ታምሜያለሁ ሲል ይሳቃል እንዴ? ነርስ ተብለሽ!»

«ደስ ብሎኝ እኮ ነው እማማ!»

ይባስ ብለው አማተቡብኝ። አለምነው ግን ገብቶታል። በዚያ በከሳው ፊቱ ፈገግ አለና፣ ቀድሞኝ ክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ።